አውፍ በሉኝ ያልኳቸው ደራሲ

ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይነሳም። በእኛ በወሎዎች ዘንድ ነገሩ ቀላል ነው። «አውፍ በሉኝ» ትያለሽ፣ «አውፍ ብያለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ» ይሉሻል፣ አለቀ። ምን አድርገሽኝ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነውርም ነው። እኔ ነዚፋ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስንቱን ሰው አውፍ እንዳልኩ ቤት ይቁጠረው። ለምኑ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ የሐጁ ተራ የእኔ ሆነና፣ እዚህ ጆርጂያ ከስቶን ማውንቴን ጎረቤቶቼ እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ሥጋ ሻጭ ድረስ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አዳረስኩ። የቀሩኝ ሚስ ሉቬኒያ ብቻ ነበሩ።

ሚስ ሉቬኒያ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ናቸው። የምሠራበት የአስታማሚ ኤጀንሲ እሳቸው ቤት ከመደበኝ አራት ዓመቴ ነው፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ዶክተር ጋ ድራይቭ አደርጋቸዋለሁ። ዝነኛ ደራሲ መሆናቸውን የነገረችኝ ልጄ ሱአድ ናት። እዚሁ ያደገች ጠበቃ ናት። ስማቸውን ስጠራላት ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «እማ፣ ላይክ፣ እሷን ነው የምታጥቢያት?» አለችኝ።

አባታቸው ደቡብ ጆርጂያ የገጠር ፓስተር ነበሩ። ሚስ ሉቬኒያ ልጅ ሳሉ ጎረቤታቸውን ሰዎች ገደሉት፤ ገዳዮቹ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ሲያለቅሱ አባትየው ምን እንዳደረጉ እንኳ ሳይጠይቁ ይቅር ተብላችኋል አሏቸው። «የሟቹን ሚስት ማንም አላማከራትም» ይላሉ ሚስ ሉቬኒያ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። አሥራ አንዱም ልብ ወለዳቸው ዞሮ ዞሮ ስለዚህ ነው አሉ፦ የማያውቁትን ነገር ይቅር ማለት ውሸት ነው። እኔንም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በቤቴ ጸሎት እንዳልሰማ ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው አለማየቴ ነው። በረመዳን ፊቴ ውሃ አይጠጡም። እግዜር የለም የሚል ሰው ለማን ብሎ ነው የሚጠማው? እኔ እንጃ።

ማክሰኞ ጠዋት ካጠብኳቸው በኋላ፣ «ሐሙስ እበራለሁ፤ አውፍ ይበሉኝ» ብዬ ልማዱን አስረዳኋቸው።

«ምን አድርገሽኛል?» አሉኝ።

«ምንም። እንዲያው ወጉ ነው።»

«ካላደረግሽ ምኑን ይቅር እላለሁ? ካደረግሽ ንገሪኝ።»

ደሜ ፈላ። ሥጋ ሻጩ በአንድ ቃል የገላገለኝን ነገር እሳቸው ፍርድ ቤት አደረጉት። ግን መውጫ አጣሁና አፈረጥኩት። «ከሰዓት ሲተኙ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ቁርኣን እቀራለሁ። ቀርቼም እንዲሽርዎ ብዬ እፍ እልብዎታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ» አልኳቸው።

«በጣም ተናድጃለሁ» አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን አውቄ ነው ያልኩት።»

አልሐምዱሊላህ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «አንቺም ይቅር በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ፣ አፌ ለምዶት።

«ሳትሰሚ አትበይ። ስለ እናትሽ ስልክ የነገርሽኝን አዲሱ መጽሐፌ ውስጥ ጽፌዋለሁ።»

ወላሂ፣ እጄን ነጠቅኳቸው። እናቴ ደሴ ስታጣጥር እህቴ ደውላ፣ «ድምፅሽን ልስማ እያለች ነው» አለችኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አለቃዬ ስላየኝ ደንግጬ ዘጋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስደውል እናቴ አልፋለች። ለቅሶ ለመጣው ሰው ግን በስልክ መርቃኝ ነው የሞተችው አልኩ። ባሌ ዑስማንም ሱአድም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ሱአድ የአያቴ ምርቃት ብላ አስጽፋ ቢሮዋ የሰቀለችውን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። እኔ ለሚስ ሉቬኒያ ብቻ ነገርኳቸው፤ እግዜር የለም የሚል ሰው ጋ ነገሬ የትም አይደርስም ብዬ። ሞኝ።

«ስምሽን ቀይሬዋለሁ» አሉኝ።

ስም ቢቀየር ምን ይፈይዳል? ሱአድ መጽሐፉን ገና ሳይወጣ ኦርደር አድርጋለች፤ ልጄ ደግሞ ደደብ አይደለችም። አውፍ ብላቸው መዋሸቴ ነው፣ ሆዴ በግኗል። ባልላቸው ቂም ይዤ ካዕባ ፊት ልቆም ነው። አላምንም የሚሉት ሴትዮ አውቀው፣ ተናደው፣ ይቅር አሉኝ። አማኟ እኔ አንዲት ቃል አቃተችኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ ያን ሁሉ ሰው አውፍ ብያለሁ ስል ምን እያልኩ ነበር?

«አስቤ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። ደስ ያላቸው መሰሉ፤ እሱም አልገባኝም።

መንገድ ላይ ሱአድ ደወለች። ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው ቢሮዋ ነበረች። «እማ፣ መጽሐፉ መጣ! ዛሬ እጀምረዋለሁ።»

«ሳትከፍቺው አውፍ በይኝ» አልኳት።

እዚህ ያደገ ልጅ ወጉን የት ያውቀዋል። «ለምኑ?» አለችኝ።

ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«እማ፣ አይ ዶንት ኖው» አለች ስጨርስ። «አሁን ምንም ማለት አልችልም።»

«አስቢበት» አልኳት። በረራዬ ከነገ ወዲያ ነው፤ ቶሎ በይ ግን አላልኳትም።