የአባዬን ጫማ ያወለቅኩ ቀን

ጫማ ሲወልቅ አፍንጫዬን ይዤ ከክፍሉ የምወጣ ሴት ነኝ። የሰው እግር ይቀፈኛል፤ ምን ላድርግ! ልጅ እያለሁ ደግሞ የቤቱ እግር አጣቢ እኔው ነበርኩ። አባዬ ከአዳማ ሻሸመኔ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አባት ከመንገድ ሲገባ ልጅ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዞ ይቀርባል፣ ጫማ ያወልቃል፣ እግር ያጥባል፣ ይመረቃል። ምርቃቱን እወደው ነበር። ካልሲው ግን፣ ኤጭ! ቀኑን ሙሉ በአዳማ ሙቀት የተቀቀለ፣ እንደ ከረመ ሊጥ የሚሸት፣ ከላቡ ጋር ተጣብቆ በግድ የሚላቀቅ ናይለን ካልሲ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ ከሻሸመኔ ገብቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። “ነይ እስቲ ኢንተላ ኮ” አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ሲደክመው በኦሮምኛ ነበር የሚጠራኝ። ፊቴን አዙሬ የቀኝ ጫማውን ሳብኩ። ከካልሲው ሥር አንድ ለስላሳ ነገር ተለጥፎ መጣ። የተጣጠፈ ጨርቅ መስሎኝ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ አነሳሁት። ጭራ ነበረው።

የአይጥ ግልገል ነበረች። ተጨፍልቃ፣ ሆድ ዕቃዋ ወጥቶ፣ ጸጉሯ ካልሲው ላይ ቀርቶ። ሽታውንማ ተዉኝ እባካችሁ! ኡኡ ብዬ ወረወርኳትና ሳፋው ውስጥ አስመለስኩ። እጄን በሳሙና ብፈትገው፣ በአመድ ባሸው፣ ክርፋቱ ከጣቶቼ አልለቅ አለ። እራቴንም ሳልበላ ቀረሁ።

አባዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ። እናቴ ወጥታ ጫማውን አንስታ ውስጡን ስታይ ግን ሳቁ ጠፋ። ያደረበት አልቤርጎ ውስጥ ጫማው ውስጥ ገብታ ይሆናል፤ ጠዋት ረግጧት ተነስቶ፣ ቡልቡላ ወርዶ ምሳ በልቶ፣ ፍሬንና ነዳጅ እየረገጠ አዳማ ድረስ መጥቷል። ያን ሁሉ ተሳፋሪ ይዞ! ምንም አልተሰማውም።

ስኳር እንዳለበት እናቴ ታውቅ ነበር፤ እግሩ መደንዘዙን ግን ደብቋታል። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ሰው ጭኖ ሊወጣ ተራው ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ብላ፣ እኔንም አስከትላ፣ ያኔውኑ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ እየጎተተች ወሰደችው። እሱ መንገዱን ሙሉ “እግሬን እኔ አላውቀውም እንዴ?” እያለ ያጉረመርማል።

ዶክተሩ አልጋ ላይ አጋደመውና ዓይኑን አስጨፈነው። የእግሩን አውራ ጣት ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያደረገ፣ ወዴት እንደሄደ ይንገሩኝ አለው። አባዬ በሙሉ ልብ ይመልሳል፤ ይስታል። በመጨረሻ ዶክተሩ ጣቱን ለቆ እጁን ኪሱ ከተተ። አባዬ ፈገግ ብሎ “አሁን ወደ ላይ!” አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዶክተሩ ዓይኑን አስገለጠውና ረጋ ብሎ አስረዳው። አንጎል እግር የት እንዳለ የሚያውቀው በሁለት ምስክር ነው አለ፤ አንዱ ዓይን ነው፣ አንዱ የገላ ስሜት። “የእርስዎ ሁለተኛው ምስክር ዝም ብሏል። እስካሁን የሚራመዱት እግርዎን እያዩ ነው። ሲነዱ ዓይንዎ መንገዱ ላይ ከሆነ፣ እግርዎን ማን ያይልዎታል?”

አባዬ እግሩን ተመለከተ። ከዚያ ቀስ ብሎ “አልፎ አልፎ ጎንበስ ብዬ አያለሁ” አለ። ምን እንዳለ ለራሱም የገባው ያኔ ይመስለኛል። የሚኒባሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም።

ዛሬ አርጅቷል። የእግሩን መዳፍ በየቀኑ እያገላበጥኩ ቁስል እፈልጋለሁ። አልዋሽም፣ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የምጨርሰው። ያኔ የሻሸመኔን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ እያለ ጉራውን ይነዛ የነበረ ሰው፣ አሁን አመሻሽ ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግቢው መሃል ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሄጄ ክንዱን እይዘዋለሁ።

“እግሬ የት ነው?” ይለኛል በሹክሹክታ።

“መሬት ላይ ነው አባዬ፤ እርገጥ” እለዋለሁ።

አምኖኝ ይረግጣል።