ሙሾ አውራጇ አክስቴ ዳታ ስትሰበስብ

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር የተማርኩት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው። ኤክሴልን ደግሞ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እያስተካከልኩ ራሴን አስተማርኩ። በደባርቅ መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎችን ስለ ሰብላቸውና ስለ ከብታቸው እየጠየቀ መረጃ የሚሰበስብ አንድ ፕሮጀክት ጎንደር ቢሮ ሲከፍት "ጊዜያዊ ዳታ ጸሐፊ" ብሎ ቀጠረኝ። ጊዜያዊነቴ ዓመታት ቆየ። በዚያ ቢሮ እንደ እኔ ጊዜያዊ ተብሎ የከረመ ነገር ቢኖር ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ያስቀመጥነው ባልዲ ነው።

አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ልቡ ቅን፣ አፉ ፈጣን ጎልማሳ ነበር። አንድ ሰኞ ከዎርክሾፕ ተመልሶ ሰበሰበን። የዳታ ሰው የግድ ከዩኒቨርሲቲ ብቻ እንደማይገኝ ሆቴል አስቀምጠው ሲነግሩት ሰንብተዋል።

"ተሰጥኦ በየቦታው ተበትኖ ነው ያለው!" አለን። "ሹፌሩ ጋ አለ፣ ሸማኔው ጋ አለ። ካልተለመደ ቦታ ሰው አምጡልኝ። እሷን እንኳ ተመልከቷት!" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የጎንደር ግንብ ውስጥ ቱሪስት እየዞረ እንደሚያየው ድንጋይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ የመረጃ ሰብሳቢ ቅጥር ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። "ካልተለመደ የሕይወት ልምድ የመጡ አመልካቾች ይበረታታሉ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ "በስታቲስቲክስ ወይም በተመሳሳይ ዘርፍ ዲግሪ ያለው።"

"ዲግሪው ምነው?" አልኩት።

"እሱ ፎርማሊቲ ነው። አንቺ ሰው ካለሽ አምጪ። ሙከራ እንሰጠዋለን፤ መረጃው ሸጋ ሆኖ ከወጣ እኔ ራሴ አስፈርመዋለሁ።" "ሸጋ" የምትለውን ቃል ከእኛ ተምሮ በየቦታው ይሰካታል።

ሰው ነበረኝ፤ ኮሶዬ የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት። አክስቴ ሙሾ አውራጅ ናት። ከኮሶዬ እስከ ድብ ባሕር ትልቅ ሰው ሞቶ እሷ ካልመጣች ለቅሶው ለቅሶ አይባልም ነበር። ያን ዓመት ግን ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሙም "ድምፅሽን ከፍ ካደረግሽ ጨርሶ ይጠፋል" አላት። ከዚያ ወዲያ የሚጠራት ጠፋ። አዲ አርቃይ ያለው ልጇ "ነይና እኛ ጋ ተቀመጪ" እያለ ይወተውታት ጀመር።

"ሄጄስ?" አለችኝ በስልክ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ። "ምራቴ ቤት ጉልበቴን ታቅፌ በር በር ልይ? እንዲያ ከሆነ ቀብሬን ብቻ ነው የምጠብቀው። አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈልጊልኝ፤ መጥረግም ቢሆን አልጠላ።"

ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነው። ሙሾ አውራጅ አፏ ላይ የመጣላትን አትልም። አስከሬን ሳይወጣ ቀድማ ትደርስና ጥግ ይዛ ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነው፣ ምን አረሰ፣ ስንት ጥማድ በሬ ነበረው፣ ማንን አሳደገ፣ ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ። ከዚያ የሚባለውን ከማይባለው ትለያለች። እኔ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ከዚህ በምን ይለያል?

አለቃዬ ፊት አቀረብኳት።

"እማማ፣ ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩዎት እውነቱን እንዴት ያገኙታል?" አላት።

"ሚስቱ ስለ ባሏ ስትነግረኝ ትጨምራለች። ስለዚህ የወሰን ጎረቤቱን እጠይቃለሁ።"

"ለምን እሱን?"

"በወሰን የተጣሉ ናቸዋ! እሱ ይቀንሳል። ሚስት ስትጨምር፣ ጎረቤት ሲቀንስ፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ።"

አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። ለዚህ አሠራር ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለውና ስሙን ጠርቶ አስረዳት።

"ይህን ስም ያወጡለት ሰዎችም አልቃሾች ናቸው?" አለች አክስቴ።

የሙከራው ቦታ ከኮሶዬ በላይ ያሉ ሁለት ሰፈሮች እንዲሆኑ ተወሰነ። "የሚያውቋቸው ሰዎች ይሁኑ፤ እምነት ይኖራቸዋል" አለ አለቃዬ። ታብሌቱን ይዤ አብሬያት ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ ገብስ ታሰጣ ነበር። አክስቴን ስታይ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"እትዬ! ምነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ። እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽ ስንት በሬ አለው?"

"ባሌ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። ልጆቹስ ስንት ናቸው?"

ሴትዮዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና እሪ አለች። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ከእርሻው ዳር አንድ ጎልማሳ ሞፈሩን ጥሎ እየሮጠ ደረሰ።

"ማነው የሞተው?" አለ እያለከለከ።

"አንተ!" አለችው ሚስቱ።

ሰውዬው ደረቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ አክስቴን አያት፤ ልክ እሷ የምታውቅ ይመስል።

በእኛ አገር ሙሾ አውራጅ ሳትጠራ ደጅ አትረግጥም። እሷ ስለ በሬህ ከጠየቀች በሬው ባለቤት የለውም ማለት ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተጠርታ ስለገባች ይህ ትዝ አላላትም፤ እኔንም ከተማው አስረስቶኛል።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ምንም ያለው ሰው ጠፋ።

"በሬ አለዎት?"

"የለኝም።" ከጓሮ በሬ ያገሳል።

"ይህስ?"

"የጎረቤቴ ነው።"

ጎረቤትየውም እንዲሁ። ሊለቀስለት የሚገባ ሰው መሆን ማን ይፈልጋል? የሰፈሩ ዋና ባለጸጋ የሚባሉት ሽማግሌማ አንድ በግ እንኳ የለኝም ብለው አልጋቸው ላይ ወጡ፤ የንስሐ አባታቸውንም አስጠሩ።

ገደሉን ተሻግረን ሁለተኛው ሰፈር ስንደርስ ወሬው መንገድ ላይ መልኩን ቀይሯል። ሙሾ አውራጇ ድምፅዋ ሳይዘጋ የሁሉንም ሰው ሙሾ ቀድማ እየመዘገበች ነው ተብሏል። የሰፈሩ ሰዎች ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ተሰልፈው ጠበቁን።

"አያ፣ ስንት በሬ አለዎት?"

"አስቀድመሽ የገደልኩትን ነብር ጻፊ።"

"አያ፣ እዚህ ላይ ነብር የሚጻፍበት የለም።"

"እንግዲያ በበሬ አድርጊው!"

እንዲህ እንዲህ እያልን ጎንደር ተመለስን። ሒሳቡን እኔ ሠራሁት። አንደኛው ሰፈር ባዶ፣ ሁለተኛው ሰፈር የሚያስቀና ሀብታም፤ አማካዩ ሲወጣ ግን ካለፈው ዓመት ሪፖርት ጋር አንድ ሆነ።

"ሸጋ!" አለ አለቃዬ። "ምንም የተዛባ ነገር የለውም። ውሏን አዘጋጂላት።"

እኔ ወዲያው የውሉን ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። አክስቴ ግን "አማካይ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ነገርኳት።

"እና በሬውን የደበቀውና ነብሩን በበሬ ያስቆጠረው ተደምረው እውነት ሆኑ?"

የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አደረግኩ። "እትዬ፣ ውሉ ይፈረም እንጂ መጀመሪያ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ተይኝ!" አለችና ወደ አለቃዬ ዞረች። "እኔ መሃል ላይ የምቆመው ስለ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሲነግረኝ ነው። ይህ እኮ አንዱ ሞት ፈርቶ፣ ሌላው ስም ፈልጎ የዋሸው ነው። ሰዉን ያስፈራሁት እኔ ነኝ፤ እንደገና ልሂድበት።"

"እማማ፣ ሪፖርቱ ዓርብ ይላካል። ቁጥሩ ልክ ነው እኮ!"

"ልክ ከሆነ ያለ እኔ ላከው፤ ስሜ አይኑርበት።"

ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች። ሪፖርቱ ዓርብ ተላከ፤ ሽፋኑ ላይ የአክስቴ ፎቶ አለ፣ ታብሌት ይዛ፣ ሥሩ "ያልተለመደ ተሰጥኦ" ተብሎ። ቦታው ላይ የተቀጠረው በስታቲስቲክስ የተመረቀ ጨዋ ልጅ ነው። አለቃዬ "ካልተለመደ የሕይወት ልምድ" ከሚለው ማስታወቂያ ጋር እንዲስማማለት ማኅደሩ ላይ "ክራር ይጫወታል" ብሎ ጻፈ።

አክስቴ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለጸጋው ሽማግሌ ቤት ሄደች። አሁንም አልጋ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ "አያ፣ እርስዎ በነገሩኝ መሠረት ሙሾዎን ላሰማዎት፤ የጎደለ ካለ ያርሙኝ" አለቻቸው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በሬ ሳይኖረው ያለፈ፣ በግ ያላረባ፣ ጎተራው አይጥ እንኳ የማይገባበት ምስኪን እያለች አወረደችላቸው።

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ገፈው ተቀመጡ። "ማነው በሬ የሌለው!" አሉና ጋጣው ድረስ ይዘዋት ሄደው አንድ በአንድ አሳዩዋት። አንደኛው በሬ አንድ ዓይና ነው፤ እሱንም አልደበቁ።

ማታ ደወለችልኝና በሬዎቹን ነገረችኝ፤ መዘገብኩት፣ ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ቢሆንም። ለልጇም ደውላ አዲ አርቃይ እንደማትመጣ ነገረችው። በቀጣዩ እሑድ ገደሉን ተሻግራ ነብር ገዳዩ ሰውዬ ሰፈር ሄደች፤ መጀመሪያ የገባችውም የወሰን ጎረቤቱ ቤት ነው።