ከማጀት ጣሪያ የወረደው ወይራ

አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሙሴን የማያውቅ ፑል ተጫዋች ካለ ትናንት የመጣ ነው። የፑል እንጨት ሠሪ ነው፤ ያውም እንደ ቻይና ሥሪቱ መሃሉ ላይ በብሎን የሚገጠመውን አይደለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ወይራ። ሚስቱን ካሰችን ሲያመሰግን የሰማ የለም፤ እንጨቱን ሲያሞግስ ግን ሰፈሩ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። አዲስ የሠራውን ይዞ ፑል ቤት ይገባና ጠረጴዛው ላይ ያንከባልለዋል። ጠማማ እንጨት ሲንከባለል ይዘላል። የሙሴ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ቻይናውን ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ያንከባልላል፤ ሲዘል ጊዜ ጢሙን ይዳብሳል። ኩራት ነበረበት፣ ምን ይደበቃል።

ሙያው ያለው ማድረቁ ላይ ነው። ወይራው ቡሹሎ ከሚባለው ገጠር፣ ከካሰች አባት ጓሮ ይቆረጣል፣ በቁመቱ ይፈለጣል፣ በወፍራሙ ይጠረብና ማጀት ጣሪያ ላይ፣ ከምድጃው ከፍ ብሎ ይሰቀላል። እየከበደው ቀጥ እንዲል ከታች ድንጋይ ይታሰርበታል። ሁለት ክረምት ሳያልፍበት መላጊያ አይነካውም። ይህን ሁሉ ጊዜ የምትጠብቀው ካሰች ነበረች። ጭሱ በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳይመታው ታዞረዋለች፣ ጣሪያው ሲያፈስ ታሸሸዋለች፣ ድስት እያማሰለች ቀና ብላ ታየዋለች። ሙሴ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እኔ ሠራሁት ነው የሚለው።

ቻይናው ከተማውን ሲሞላው የሱን የሚጠይቅ ጠፋ። ሙሴ እንዲህ ኮስሶ ሲኖር፣ አብዱልፈታህ የሚባል ነጋዴ ሐይቅ ዳር አዲስ ፑል ቤት ሊከፍት ተነሳ። አባቱ ድሮ በሙሴ እንጨት ይጫወቱ ነበርና ለጠረጴዛዎቹ ሁሉ ወጥ እንጨት አዘዘ። ማጀት ድረስ ገብቶ የተሰቀለውን በዓይኑ አየ። እንጨቱ ሁለት ክረምቱን ጨርሷል፣ የቀረው መላግ ብቻ ነው፤ ከዝናቡ በፊት ለሚውለው ለፍቼ በዓል ሊያደርስለት ተስማሙ። ያን ሰሞን ሙሴ ሲራመድ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። ስሙ ሊመለስለት ነዋ።

ካሰች በድንገት ሞተች። ደም ግፊት ነው አሉ። ሌላም ሌላም ተባለ፣ እሱን እንተወው።

የልቅሶውን ማጀት የያዘችው ጎረቤቷ ጸሐይወርቅ ናት። ምላሷ ይርዘም እንጂ እጇ የማይቦዝን ሴት ናት፤ ሱቋን ዘግታ እንደ እህት ሆነች። ከቡሹሎ የካሰች ዘመዶች ወተትና ቆጮ ይዘው መጡ፤ የወተት ዕቃው መታጠን አለበት። ጸሐይወርቅ ቀና ስትል ምን ታያለች? ጭስ የጠገበ ደረቅ ወይራ፣ ከምድጃው በላይ ተደርድሮ። ካሰች ለዕቃ ማጠኛ ያስቀመጠችው መሰላት። የትኛዋም ሴት ብትሆን ሌላ አይመስላትም። ነፍሷን ይማረው፣ ባለሙያ ነበረች እያለች አስወረደችው፣ አስፈለጠችው፣ ዕቃውን አጠነችበት። የተረፈውን ድስት ስር ማገደችው። ድንጋዮቹም ጉልቻ ሆኑ።

ሙሴ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ጭሱ ሸተተው። የወይራ ጭስ በልቅሶ ቤት ብርቅ አይደለምና ልብ አላለውም። ወተት አመጡለት፣ ጠጣ። ኋላ ውሃ ፍለጋ ማጀት ብቅ ሲል ጣሪያው ባዶ ነው፤ ገመዶቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። ጸሐይወርቅ ላቧን እየጠረገች፣

«ወተቱ እንዴት ነበር ጋሼ? የካሰች እጅ ያረፈበት ወይራ እኮ ነው» አለችው።

ሙሴ ምድጃውን አየ። አንዱ እንጨት ግማሹ ገና አልነደደም።

«ጌታ ይባርክሽ» አለና ተመለሰ።

ምን ይበል? ለሚስቱ ወገቧን አስራ የቆመችን ሴት፣ በልቅሶ መሃል፣ እንጨቴን አነደድሽው ይበላት? ተቀምጦ አለቀሰ። ሰዉ ለካሰች መሰለው። ለሷም ነበር፤ የቱ ለማን እንደሆነ እሱ ራሱ አልለየውም።

አብዱልፈታህ ልቅሶ ሊደርስ መጣ። ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ ሐዘኑ ይቅደም፣ ካልሆነም ለጊዜው ቻይናውን እገዛለሁ አለው። ሙሴ እውነቱን ቢናገር የጸሐይወርቅ ስም ይነሳል። ሌባ ወሰደው ቢል የሚጠረጠረው ያው አብሮት ያለቀሰው ሰፈር ነው። ቻይናው ይግባ እንዳይል ደግሞ ልቡ እምቢ አለው። ይደርሳል፣ ምን ሆኖ አለ።

ከገበያ ወይራ ገዛ፣ ውስጡ ገና እርጥብ። ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ ላገው፣ በስባሪ ጠርሙስ ፋቀው፣ ዘይት አጠጣው። ሲያዩት ሙሽራ ነው። ባስረከበ ቀን አንከባለለው፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሙሴ ግን ጢሙን አልዳበሰም።

ፍቼ አለፈ፣ ዝናብ ገባ፣ የሐይቁ እርጥበት ቤቱን ሞላው። እንጨቶቹ ተራ በተራ ጎበጡ። አብዱልፈታህ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጮኸበትም። አስጠራውና አንዱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ዘለለ። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ጋሽ ሙሴ፣ ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ወዲያው ቻይናው ገባ። የሙሴ እንጨቶች ወደ ጓዳ ተጣሉ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ አንዱን መርጣ የሸረሪት ድር ታወርድበታለች።

ወሬ እግር አለው፣ አዲስ ከተማ ደረሰ። ጸሐይወርቅ ሱቋ በር ላይ ሴቶች ሰብስባ ስትተነትን ሙሴ ስኳር ሊገዛ መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«ድሮም የሷ ሙያ ነበር» ትላለች። «ካሰች ስትሞት አብሮ ተቀበረ። እሱ ስሙን ነበር የያዘው።»

ሴቶቹ ጠቀሷት። ዞር ስትል አየችውና ክው አለች። ሙሴ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። የሚናገረው አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«እውነቷን ነው» አላቸው ለሴቶቹ። «የካሰች እጅ ነበር።»

ጸሐይወርቅ ከሐፍረቷ ብዛት ስኳሩን ከሚዛኑ አትረፍርፋ ሰጠችው። እንደገና አስመዘናት፤ ትርፉን አስቀነሰና ሄደ።