የጋቢናው ወንበር

ባለፈው ሐሙስ ሞጣ መናኸሪያ ሾፌሩ ሽበቴን አይቶ፣ «እማማ፣ ጋቢና ይግቡ፤ ይመችዎታል» አለኝ። አመስግኜ ከኋላ ተቀመጥኩ። ግራ ገባው። ጋቢና አግኝቶ እምቢ የሚል ሰው የት አለ? እኔ ግን በዚያ ወንበር የተነሳ የሠራሁትን አልረሳሁም።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። እናቴን ከማግባቱ በፊት ወሎ ሲሠራ የወለዳት ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ እናቷ ሙስሊም ስለሆነች በእናቷ ሃይማኖት ነው ያደገችው። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ እኛ ዘንድ መጣች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ረጅም፣ ሳቂታ። ከመጣች ወዲህ አባቴ እኔን ሊጠራ ሲል የሷን ስም ይጠራ ጀመር። ቅናት ያዘኝ። ሥጋችንን ስለማትበላ ምግቧ ለብቻ ይቀርብ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ላንድሮቨር ከነሾፌሩ ተከራይቶ፣ ዓባይ ዳር ወዳለው የአሣ አጥማጆች ማረፊያ እንሂድ አለ። አሣ ወዶ የማያውቅ ሰው! ጋቢና ከአባቴ አጠገብ መቀመጥ ሁልጊዜ የኔ ነበር። ያን ቀን ግን፣ «ሰዓዳን መኪና ያማታል፤ አንቺ ከእናትሽ ጋር ከኋላ ሁኚ» አለኝ። የሁለቱን ጭንቅላት ጎን ለጎን እያየሁ፣ የጥርን አቧራ እየዋጥኩ፣ ግንደወይንን አልፈን ሞጣ ደረስን። አባቴ ገበያ ወርዶ አዲስ መጥበሻ ገዛ።

«ቤት ሦስት እያለ?» አለች እናቴ።

«ሥጋ ያልነካው ይሁን ብዬ ነው።»

ከዚያ ቁልቁል ወደ ቆላው ወረድን፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግራችን ቀጠልን። ማረፊያው ሁለት የሣር ጎጆ ነበር። ባለቤቱ ከወንዙ ያወጡትን ትልቅ አሣ አባቴ ራሱ በአዲሱ መጥበሻ ጠበሰው። አንድ ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቶ አቀረበው።

«አሣ ማን አረደው አይባልም» አለ ፊቱ በርቶ። «ዛሬ ልጆቼ አብረው ይበላሉ።»

ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ወደ ሰዓዳ ሲዘረጋ አልቻልኩም። እናቴ ለመንገድ የቋጠረችውን የቋንጣ ፍርፍር አንስቼ ትሪው ላይ ገለበጥኩት።

«እንዲበቃን ብዬ ነው» አልኩ።

ሰዓዳ እጇን ሰበሰበች። «ግድ የለም አባዬ፣ አልራበኝም።»

አባቴ አልተቆጣኝም። ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ወደ ወንዙ ሄደ። ልንመለስ ስንል የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

«ግቢ፤ ቦታሽ ነው።»

እናቴን አጠገቤ አስቀምጦ፣ እሱ ከኋላ ከሰዓዳ ጋር ተቀመጠ። እስከ ቢቸና ድረስ ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚለው ግን በሞተሩ ጩኸት አይለይም። ከዚያ ቀን በላይ ቀንቼ አላውቅም።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ሰዓዳ ለተዝካሩ ስትመጣ፣ ያን ቀን ምን እያወራት እንደነበር ጠየቅኳት። ሳቀች።

«ስላንቺ ነዋ! ሕፃን ሆነሽ ስትታመሚ ስንት ሌሊት አዝሎሽ እንዳደረ። አትቀየሚያት እያለ መንገዱን ጨረሰው። እኔን እኮ አንድ ቀን አዝሎኝ አያውቅም። እንዴት እንደቀናሁብሽ!»

ሐሙስ ዕለት ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት ፌስታል አሣ ነበር። ሰዓዳ ቢቸና ቤቴ ሆና ትጠብቀኛለች። መጥበሻው ዛሬም አለ፤ ጥቁር ብሏል፣ እጀታውም ላልቷል፤ ሥጋ ግን ነክቶት አያውቅም።