በአባቷ ስም ፈለግኳት

የባሌ አባት አውስትራሊያ ውስጥ ስንዴ ከሚዘሩና በግ ከሚያረቡ ገበሬዎች ቤት የተወለዱ ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብለን ወደምንኖርባት ኦሮራ ከተማ አመጣናቸውና ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ካለው አፓርታማችን አንዱን መኝታ ቤት ለቀቅንላቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመሃላችን አንቱታ የለም፤ በልቤ ግን አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ስለ አያቶቻቸው አነሱልኝ። ወንድ አያታቸው እርሻቸው አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ተቀብረዋል። የሴት አያታቸው መቃብር ግን የት እንደሆነ አይታወቅም። በቤተሰቡ የሚወራው፣ የእርሻው ኑሮ ሰልችቷት ልጆቿን ጥላ ከተማ ገባች ተብሎ ነው። የአማቴ አባት ያኔ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። አድገው፣ ወልደው፣ አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ የእናታቸውን ስም አንስተው አያውቁም።

"ብትፈልጊያት ታገኛታለሽ?" አሉኝ።

"አገኛታለሁ" አልኳቸው።

ጉራ አልነበረም። ሴንቴኒያል በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ ቢሮ ውስጥ የቤት ሽያጭ ሰነዶችን ማጣራት እንጀራዬ ነው፤ የቆየ ወረቀት አያስፈራኝም። ባሌ ከኔ በፊት ሞክሮ ነበር። የጋብቻዋን መዝገብ፣ የልጆቿን ልደትና የእርሻውን ሰነድ አግኝቶ፣ ከዚያ ወዲያ ግን በባሏ ስም የአካባቢያቸውን የድሮ ጋዜጦች ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሰርች ቢያደርግ ምንም አጣ።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት የማን ልጅ እንደሆነች ነው። ባሌ አላወቀም፤ አባቱም አላወቁም። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ እነሱ ዘንድ ግን ባሏ ስም ውስጥ ትገባና ትጠፋለች። የጋብቻ መዝገቡን መልሼ ከፈትኩት። አባቷ ከስንዴው አገር በጣም ርቆ፣ ተራራማ ቦታ ላይ ላሞች የሚያልብ ገበሬ ነበር። ስለዚህ የሱን አገር ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሞክሼዋን አገኘሁ። ባሌ ደስ ብሎት ነበር፤ ዕድሜዋ ስላልገጠመ ተውኳት። ከሳምንታት በኋላ ግን ወላጆቿ ያወጡት አጭር የሐዘን ማስታወቂያ ላይ ደረስኩ። ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ታማ እነሱ ቤት ማረፏንና ከአባቷ ርስት አጠገብ መቀበሯን ይናገራል። እሱንም ብቻውን አላመንኩትም፤ የሞት መዝገቡን ቅጂ አስመጣሁ። የባሏ ስም ልክ ነው። የገደላት የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ለአማቴ ሳሎን አስቀምጬ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጆቹን እንዳታስይዝ ነው የሄደችው" አሉ። "ታዲያ ለምን ለአባቴ አልነገሩትም?"

ይህን ወረቀቱ እንደማይል ነገርኳቸው። አያታቸው ቶሎ ሌላ ሚስት አግብተዋል፤ ምናልባት ዝም ማለት ቀሏቸው ይሆናል። ግን ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑንም አልሸሸግኳቸውም።

እዚያው ቁጭ ብለው አውስትራሊያ ላሉት ታላቅ እህታቸው ደወሉ። እህትየው ወንድማቸውን አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ አባታቸው ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው እንደሚቆጫቸው ብቻ ተናግረው፣ መቼ እንደሚመጡ ጠየቋቸው።

በቀጣዩ ዓመት ከባሌ ጋር ሄዱ። እኔና ልጃችን ኦሮራ ቀረን። መቃብሯ ከወላጆቿ ጎን ነው፤ ድንጋዩ ወድቆ ሣር በልቶታል። እህትና ወንድም ሰው ቀጥረው አስነሱት፤ የልጆቿንም ስም አስጻፉበት።

አማቴ ከዚያው በስልክ ደወሉልኝ። ስለ ድንጋዩ ብዙ አላወሩም።

"አገሩ ለምለም ነው" አሉኝ። "ከብት ያጠግባል። እኛ ደረቅ ሜዳ ላይ በግ ስናባርር፣ እሷ ለካ የላም አገር ልጅ ነበረች።"

ድምፃቸው ስለ ራሳቸው እናት እንደሚያወሩ ሆኖ ተሰማኝ።