ከቦርከና ዳር የወጣው መጅ

ሥራዬን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በፓምፕ ውሃ ገደል አፈርሳለሁ። የውሃው ግፊት አሸዋና ጠጠሩን ንዶ በቦይ ወደ ወንፊቱ ይወስደዋል።

አንድ ሽማግሌ በየቀኑ እየመጡ ወንፊቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ተቆጣጣሪ መስለውን ስንት ቀን ሻይ ጋበዝናቸው! በኋላ እንደምንም ደፍሬ ለምን እንደሚመጡ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ጎርፉ ቤታችንን ሲወስድ ሚስቴ ዘይነባ በርበሬ የምትፈጭበትን መጅ ይዞት ሄደ። እሷንም አላህ ወሰዳት። መጁን እንኳ ውሃችሁ ቢመልስልኝ ብዬ ነው።»

በሳምንቱ ከገደሉ መጅ ተፈንቅሎ ወደቀ። ፓምፑን አስጠፍቼ እየሮጥኩ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱት።

«ወላሂ የሷ አይደለም። ዘይነባ ግራኝ ነበረች፤ የሷ በግራ በኩል ያለቀ ነው።»

ድንጋዩን አጠገባቸው ቀስ አድርገው አስቀምጠው ወደ ወንፊቱ ዞሩ።

«አትጣሉት፤ የዚችኛዋም ባል ይመጣ ይሆናል።»