በኬላው ያልተቋረጠው ተረት

ልጅ ሳለሁ ከጉለሌ በላይ ያለውን ደን የማውቀው በእናቴ ጀርባ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ወጥታ ሲመሻሽ የምትመለሰው ከቁመቷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ስለነበር፣ ደኑ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ወደ ቤታችን የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ሸክሙን ስታወርድ ጀርባዋ ወዲያው አይቀናም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ትቆይና ቀስ እያለች ትቃናለች። ያኔ የሰው እናት ሁሉ ሲመሽ እንደዚያ የምትቃና ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምጠብቃት ኬላው ላይ ነው። ኬላ ስል ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከደኑ የሚወርደው መንገድ ከሰፈራችን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ፣ ከጎጆዋ ደጃፍ ደግሞ የማትጠፋ እሳት ናት። ጠባቂው አባባ ቱሉ ይባሉ ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ ካለው አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ። እናቶቻችንን የምንጠብቅ ልጆች ሁሉ እሳታቸው ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። «ኢጆሌ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይሉናል፤ በኦሮምኛ ልጆች ማለታቸው ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳቱ ላይ ጣል ሲያደርጉበት ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ ተረታቸው ይጀመራል።

አባባ ቱሉ የተቀጠሩት የሚወርደውን ሸክም እንዲፈትሹ ነበር። እኔ ግን ሲፈትሹ አይቼ አላውቅም። ፊታቸውን ለእሳቱ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ያወራሉ፤ ሴቶቹ ከኋላቸው አንድ በአንድ ያልፋሉ። የምታልፈው ሴት ቅጠልና የደረቀ ጭራሮ ከያዘች ተረቱ አይቋረጥም። እርጥብ እንጨት የያዘች ስትመጣ ግን፣ በእግሯ አረጋገጥ ይሁን በእንጨቱ ሽታ እንጃ፣ ዞረው ሳያዩ ያውቃሉ። ተረቱ ቀጥ ይላል። ሴትዮዋ ሸክሟን አውርዳ፣ እርጥቡን መዝዛ ከጎጆዋ ጎን እስክታስቀምጥ ድረስ እሳቱ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ማንንም ሰድበው፣ ማንንም ከሰው አያውቁም። እኛ ግን ተረቱ በቆመ ቁጥር የማን እናት ናት ብለን አንገታችንን እናሰግጋለን፤ እናቱ የተያዘችበት ልጅ በማግስቱ «ተረት አስቋራጩ» ሲባል ይውላል። የኔ እናት አንድም ቀን አስቋርጣ ስለማታውቅ በዚህ እኮራ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የሚደጋግሙት የሦስቱን ልጆች ነበር። አባት ሲሞት ደኑን ለሦስት ልጆቹ ከፈለው ይላሉ። ታላቁ መጥረቢያ ያለው ነው፤ ግርጌው ደረሰው። ሁለተኛው ክራር ያለው ነው፤ ሜዳው ደረሰው። ሦስተኛዋ ሰኮና ይዛ የተወለደች ልጅ ናት፤ የጽዱ ሸለቆ ደረሳት። ታላቁ ድርሻውን ቆርጦ ጨረሰ። ሁለተኛው እየዘፈነ፣ ሥጋ እየጠበሰ ሜዳውን አቃጠለው። ያኔ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ እኅታቸው ሸለቆ ጣሉ። «እሷ ግን ፊቷን ለሰው አታሳይም» ይላሉ አባባ ቱሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሸክም ይዞ የሚወጣውን ሰው ከኋላው አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀዋለች። የማንን ቤት ነው የተሸከምከው ትለዋለች። መልሱን ካጣ ከነሸክሙ እዚያው ይቀራል፤ ዛፍ ይሆናል። እነዚያ ጽዶች እንደዚያ ጎብጠው የቆሙት ለምን ይመስላችኋል?»

እኛ የተሸካሚ ልጆች ነን፤ ጎብጦ የቆመ ነገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ ማናችንም ወደ ሸለቆው ድርሽ አንልም፤ እናቶቻችንም አይሉም። ለቅጠል ግርጌው ይበቃቸው ነበር። እሁድ እሁድ ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ምሳቸውን ይበላሉ፤ ሲሄዱ ሴቶቹ በሜዳው ዳር የወደቀውን ይለቅማሉ። ተረቱ የደኑ ካርታ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብለን ተለቀቅንና ኬላው ላይ ስደርስ አባባ ቱሉ አልነበሩም። ዳገቱን ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸውና ተከተልኳቸው። ወደ ሸለቆው ሲገቡ ልመለስ አልኩ፤ ብቻዬን መመለሱ ግን የባሰ አስፈራኝ። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ የጽድ ሽታው አፍንጫ የሚሞላ ነበር። ከኪሳቸው የአሞሌ ጨው ቁራጭ አውጥተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ራቅ ብለው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ድኩላ፣ ከኋላዋ እግሩ ገና የሚንቀጠቀጥ ግልገል አስከትላ ወጣችና ጨዉን ትልስ ጀመር። የረገጥኩት ጭራሮ ቀጭ ሲል ሁለቱም ብን ብለው ጠፉ።

አባባ ቱሉ ዞረው አዩኝ።

«ፈራሽ?»

«አልፈራሁም።»

«መፍራት ነበረብሽ» አሉኝ ቅር ብሏቸው። ከዚያ እጄን ይዘው ሲያወርዱኝ፣ «እንግዲህ ባለቤትየዋ እሷ ናት» አሉኝ። «ከዚህ ሁሉ ተራራ የቀራት ይቺ ጉድጓድ ናት። ለናትሽም እንዳትነግሪ።» ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ በኋላ ተረቱ ሲነገር ሌሎቹ ልጆች ሲጠጋጉ እኔ እሳቱን አያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ላለማየት ይጠነቀቃሉ።

በዚያው ዓመት ነገሩ ሁሉ ጠበበ። ደኑን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ግርጌውን ለአጣና አስቆረጠው። የጭነት መኪና ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ድሮ ለሴቶቹ ይቀር የነበረው ቅርንጫፍና ቅጠል እንኳ ሳይቀር ይጫናል። ሜዳው ደግሞ በሽቦ ታጠረና «የሠራተኞች መዝናኛ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ተተከለበት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት።

«እኛ ሠራተኞች አይደለንም እንዴ?» አለቻቸው አባባ ቱሉን።

«ሠራተኛማ ናችሁ» አሏት። «መዝናናቱ ነው የቀራችሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ እንጂ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሾቹ ባዶ ጀርባቸውን ነበር የወረዱት። እናቴም ሁለት ቀን ባዶ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ቆሎ ቆርጥመን ተኛን። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥታ፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ ልጅ የምትይዝላቸው እንደኔ ያለች ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ ስትላት ሰማሁ። እናቴ ኩራዙን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለቷ ነበር። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

እትዬ ዘነበች እንደወጣች፣ «እማዬ፣ ሸለቆው ውስጥ ብዙ እንጨት አለ» አልኳት።

«ሸለቆውንማ ተዪው። ቀበሌው በስብሰባ ጋኔን የሚባል የለም ብሎናል፤ ግን ሊቀመንበሩ ራሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ አላየሁም።»

«የለም እኮ። ገብቼ አይቻለሁ። ድኩላ ከነግልገሏ ናት ያለችው።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ከአልጋው ሥር መጥረቢያውን ስባ አወጣችና ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ደስ አለኝ። ደብተሬን ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ኬላው ላይ ስደርስ ከጎጆዋ አጠገብ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ቆሞ አየሁ። ኮፍያ ያደረገ ተቆጣጣሪ መጥቷል። አባባ ቱሉ፣ «ዛሬ ተረት የለም፣ ወደየቤታችሁ» ሊሉ ሲጀምሩ ተቆጣጣሪው መኪናውን ተደግፎ፣ «ለምን? ያውሩላቸው እንጂ አባ፣ እኔም ልስማ» አለ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ለእሳቱ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው የሦስቱን ልጆች ተረት ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ጥቂት ቅጠል ይዘው አለፉ። ቀጥሎ እናቴ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው። ጽድ ገና ሲቆረጥ ያለው ሽታ ከባሕር ዛፍ ጋር አይምታታም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። ወገቧ እንደዚያ ጎብጦ አይቼው አላውቅም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ አባባ ቱሉን አዩ። ተረቱ እስኪቆም ጠበቅን።

ተረቱ አልቆመም።

ቢያቋርጡት ኖሮ ሥራቸውን እንደሠሩ ይቆጠርላቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ታላቅየው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ...» አሉ፤ ቀጥለውም ያንኑ ደገሙት፤ «ሄደ፣ ሄደ...» ዓይናቸው ከፍሙ አይነቀልም። እናቴ ከኋላቸው ለማለፍ አምስት እርምጃ ሲቀራት ተቆጣጣሪው እጁን ሸክሟ ላይ አሳረፈ።

«አባ፣ ጀርባዎ አፍንጫ የለውም እንዴ?» አላቸው።

ያኔ ነው ዝም ያሉት። እናቴን ከነመጥረቢያዋ፣ አባባ ቱሉን ከነካፖርታቸው ላንድሮቨሩ ላይ ጫኗቸው። ሽማግሌው ከመውጣታቸው በፊት ጎንበስ ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ግልገሉ ገና አልጠናም ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉኝም። እሳቱን የሚያዳፍን ሰው ስላልነበረ እኛ ልጆች አፈር ጣል ጣል አደረግንበትና ተበተንን።

እናቴን በአራተኛው ቀን ለቀቋት። እትዬ ዘነበች መጥታ፣ «እህ፣ የሸለቆውን ጋኔን አገኘሽው?» ብትላት፣ «አገኘሁት» አለች፤ «ኮፍያ ያደርጋል።» አባባ ቱሉ ግን ወደ ኬላው አልተመለሱም። ወዳገራቸው ገቡ የሚል ሰው ነበር፤ ታመው ሞቱ የሚልም ነበር። በቦታቸው ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ቆመ፤ ተረት አያውቅም፣ እሳትም አያነድም።

አንዲት ሴት ከሸለቆው በሕይወት መውጣቷ ከተሰማ በኋላ የቀሩት ሴቶችም በስርቆሽ ይገቡ ጀመር። በነሱ አልፈርድም፤ አንዲት ሴት በጀርባዋ ስንት ትወስዳለች? መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ወፍራም ጽድ መኖሩን ያየው እናቴ የተያዘች ቀን ነው። በሚቀጥለው በጋ ግንዶቹ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ተደረገ። ተቆርጠው የሄዱት ሩቅ አልነበረም፤ ሜዳው ላይ ለተሠራው ማረፊያ ቤት ምሰሶና ወለል ሆኑ። እሁድ እሁድ ባለሥልጣኖቹ በመኪና እየመጡ እዚያ ይዝናኑ ነበር፤ የድምፅ ማጉያው እስከ ቀጨኔ ድረስ ይሰማል። አንድ ሰኞ በሽቦው ዳር ስናልፍ ከማረፊያው ጀርባ በችካል የተወጠረ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው አየሁ። ነጭ ነጠብጣብ አለው። ትንሽ ቆዳ ነበር።

«ስናልፍ» ያልኩት ያኔ እኔም ተሸካሚ ስለሆንኩ ነው። እናቴ ከታሰረችበት ስትወጣ ወገቧ አልታዘዝ ስላላት ግማሹን ሸክም የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ቤት አልሄድኩም፣ ትምህርት ቤትም አልተመለስኩም። ደብተሬን እሳት ማያያዣ አደረግነው። እናቴ ስለዚያ ማታ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነበር የነገርኳት፤ ውሸታሙ አባባ ቱሉ ነበሩ። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ሸለቆ ያቆየው የሳቸው ውሸት እንደነበረ፣ የኔ እውነት ግን አንድ በጋ እንኳ እንዳላቆየው ሳስበው አፌ ይመረኛል።

አሁን የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ሳበራ ተረት ካልነገርሽኝ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የማውቀው የአባባ ቱሉን ነው። ባለፈው ሰሞን ጎብጠው ስለቆሙት ጽዶች ስነግራት፣ ሸለቆው ውስጥ አሁን ከጉቶና ከባሕር ዛፍ ቡቃያ በቀር ምንም እንደሌለ አልነገርኳትም። «እስካሁን አለች?» አለችኝ ስለ ባለሰኮናዋ። «አለች» አልኳት። እናቴ ያን ጊዜ ከእንስራው ውሃ ልትቀዳ በአጠገባችን እያለፈች ነበር፤ ከታሰረች ወዲህ ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። ልጄ እናቴን እማማ ነው የምትላት። አየቻት፣ አየቻትና፣ «እማዬ፣ እማማ ዛፍ ልትሆን ነው?» አለችኝ።

እናቴ ቆም አለች። «ዛፍ ብሆን ኖሮ እስካሁን ቆርጠውኝ ነበር» አለችና ጣሳዋን ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

እኔ ፊቴን ወደ ኩራዙ እንዳደረግሁ ነበር። ከኋላዬ እስክታልፍ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ተረቱንም አላቋረጥኩም።